ሰሙ ሳይታወቅ ወርቁ
(በሬዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግሬ ስለ ዘፈን ትርጓሜ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ዘፈኑም እኛ የለመድነው ዘፈን አይደለም። በባሕር ማዶ «ሄቪ ሜታል»፣ በቃሉ ትርጉም «ከባድ ብረት» የሚባለው፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ዘፋኙም ከመዝፈን ይልቅ ሰው ከሩቅ የሚጣራ የሚመስለው ዘፈን ነው። «ምን ቸግሮህ እንዲህ ያለውን ነገር ወደ ማይክሮፎን ታመጣለህ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የቸገረኝን ነገር እናገራለሁ፤ ብትፈርዱብኝም ፍርዱ ይገባኛል።

የምኖረው በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ቀበናን ተሻግሮ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣውን ዳገት የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ይመስለኛል፤ ማለዳ ታክሲ ስንጠብቅ ከየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ሰው እዚያ ተሰልፎ ይገኛልና። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ መቀመጫ ይሆን ዘንድ ከሰጡት፣ ከአርባ ሄክታር በላይ ስፋት ካለውና በዛፍ ከተሸፈነው ግቢ ነው። ሌጋሲዮኑ ኤምባሲ ከተባለ ብዙ ዘመን አልፏል። የታክሲው ረዳት ግን «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ ፓሪስ የሚያደርሰኝ ነው ብሎ የሚሳፈር ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቃሉ አንድ ነገር ይላል፤ ሰሚው ሌላ ነገር ያውቃል፤ በመካከሉም ሁላችን በሰላም ቤታችን እንገባለን። ይህን ያህል የቃል ትርጓሜ በየቀኑ የምናደርግ ሰዎች፣ እኔ ያደረግሁትን ስሕተት ማድረግ አልነበረብንም።

ከእኔ ጋራ የእኅቴ ልጅ ይኖራል። ዕድሜው 17 ነው። አባቱ ከሞተ 4 ዓመት ሆኖታል። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ትምህርቱን አይበድልም፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ በመስኮት በኩል የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እያየ ይቀመጣል። እናቴ «ይህ ልጅ ምን ይሰማል?» ብላ በጠየቀች ቁጥር «ዘመናዊ ሙዚቃ ነው» እያልሁ ሳስተኛት ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደሚሰማ እኔም አላውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጁን ደብተር ገበታ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። በገጹ አናት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሱሳይድ ሶሉሽን» የሚል ርእስ ተጽፏል። ከርእሱ በታች የእንግሊዝኛው የዘፈን ቃል በተራ ተገልብጦ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ደግሞ በቀጭን እርሳስ የአማርኛ ጽሕፈት ነበረበት። እንግሊዝኛዬ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ነው፤ ለደብዳቤ ይበቃኛል፤ መዝገበ ቃላት ካለኝ ለዜና ትርጉምም ይበቃኛል። «ሱሳይድ» ራስን መግደል ነው፤ «ሶሉሽን» መፍትሔ ነው። ሁለቱን ቃላት ባያያዝሁ ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ። በእርሳስ የተጻፈውን አማርኛ አላነበብሁትም፤ ለማንበብም ዐይኔ አልቆመልኝም።

ልጁን ጠርቼ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። እቤት አልነበረም፤ ጉራራ ወዳለ ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ቢመሽ ይመጣል። እኔ አልጠበቅሁትም። ነገሩን ለእናቴ ነገርኋት፤ እርስዋም አማተበችና «ጠበል ይወሰድ» አለች። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጀበናው ተጥዶ ነበር። ደብተሩን ቀድጄ ከከሰሉ ላይ ጨመርሁት። ቡናው በዚያ እሳት ፈላ፤ እኔም ጠጣሁት።

ልጁ ሲመጣ ከማንደጃው ዳር የቀረውን የደብተር ልባስ አየ። አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከ«ደኅና ዋላችሁ» በቀር ቃል አልወጣውም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ ራት በልተን እጃችንን ስንታጠብ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፤ ሶሉሽን ማለት መፍትሔ ማለት ብቻ አይደለም። በኬሚስትሪ ሌላ ነገር የሟሟበት ፈሳሽም ሶሉሽን ይባላል። ዘፈኑ ስለ መጠጥ ነው።»

ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔም ፎጣውን እንደ ያዝሁ ቀረሁ።

ክቡራን ሆይ፤ ልጁ የነገረኝ ነገር በሀገራችን ሊቃውንት ቋንቋ ስም አለው፤ ኅብር ይባላል። አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ሲገኝ፣ ለላዩ ሰም፣ ለውስጡ ወርቅ ሲሆን ማለት ነው። እኔ በየሳምንቱ ስለ ባህልና ስለ ሥነ ጽሑፍ በዚህ ማይክሮፎን የምናገር ሰው፣ የገዛ ሀገሬ ሊቃውንት በባዕድ ቃል ውስጥ እንኳ ቢያገኙት ወዲያው የሚያውቁትን ነገር ሳላየው አልፌ፣ ሰሙን ለወርቅ ሸጥሁት።

በሚከተለው እሑድ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ቅኔ ያስተምራሉ፤ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ነገሩን ሁሉ ካጫወትኋቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሰሙን ሳያውቅ ወርቁን ያገኘ ሰው አንተን አየሁ» አሉኝ። እኔም ሣቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም።

የሰምና የወርቅ ነገር ከወርቅ ሠሪ ሙያ የተወሰደ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሠሪው ሊያወጣው ያሰበውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ከእሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በተወው ባዶ ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰሙ በትክክል ካልተሠራ ወርቁ ቅርጽ አይኖረውም። ከቅኔ ቤት የሚደከመውም ስለዚህ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ደረጃውን ሲወጣ፣ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ አስቀድሞ የሚመረምረው የላዩ ነገር ራሱን ችሎ መቆሙን ነው። ሰሙ ያልቆመ ቅኔ ወርቁ ቢያምርም ይወድቃል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ይህ አነጋገር ከቅኔ ቤት ወጥቶ በኑሯችን ሁሉ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ስላየ ነው። በመሥሪያ ቤታችንም ቢሆን «ጉዳዩ ይታያል» የሚል ቃል የተጻፈበት ማመልከቻ ምን ያህል ጊዜ እንደማይታይ ለእናንተ አልነግራችሁም።

መሪጌታው የሰጡኝ ምክር ይህ ነው። የተሰወረ ቃል ሲገጥምህ በመጀመሪያ ላዩን እንዳለ ተቀበለው፤ ምን ይላል በል፤ ምን ማለቱ ነው ለማለት አትቸኩል። ከዚያም ቃሉ የሚዞርበትን ማጠፊያ ፈልግ። ማጠፊያውን ስታገኝ ታሪኩን ጠይቅ፤ ቅኔ ያለ ታሪክ አይፈታምና፤ የዮናስን ነገር ያልሰማ ሰው ስለ ዓሣ አንበሪ የተቀኘውን ቅኔ የዓሣ ገበያ ይመስለዋል። በመጨረሻም ለማን ተባለ በል። ለሠርግ የተባለውን ለልቅሶ ብትተረጕመው ጥፋቱ የቅኔው አይደለም።

ምክራቸውን ሰምቼ ስመለስ በመንገድ ላይ አንድ የዱሮ ነገር ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአማቴ ቤት ግብዣ ላይ የገጠምኋት ሁለት ቤት ግጥም ናት፤ ቅኔ ለመባል አትበቃም፤ ለአስረጅ ያህል ግን ልጥቀሳት።

ዳገት ወጣሁልሽ እያልሁ በጽዮን፣
የወዳጅሽ ቤቱ እውን ለጋሲዮን?

ሰሙ የሰፈር ስም ነው። ኅብሩ «ለጋሲዮን» የሚለው ላይ ነው፤ ፈጠን ብሎ ሲነበብ «ለጋስ ይሆን?» ይላል። እኔ ይህን ስገጥም ባሕር ማዶ ለመሻገር በየኤምባሲው ደጅ የሚጠናውን ወጣት አስቤ ነበር። አማቴ ግን ግጥሙን ከሰሙ በኋላ ሥጋውን መቍረጥ ትተው ወደ ባለቤታቸው ዘወር በማለት፣ «ሰማሽ? ልጄን ሰጥቼው፣ ጠጁን አጠጥቼው፣ ንፉግ ነህ አለኝ» አሉ። ቤታቸውም ከዚያው ከዳገቱ ላይ ነው! ምን ብዬ ልመልስ? ወርቁን እኔ አላፈሰስሁትም፤ እርሳቸው ግን አገኙት፤ ደግሞም ከሰሙ ጋራ በሚገባ ይስማማል። እስከ ዛሬ ድረስ ጠጅ ሲቀዱልኝ ብርሌውን አፍ እስከ አፉ የሚሞሉልኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ በቤት ውስጥ የሚያልፍ ጨዋታ ነው። በሌላ ስፍራ ግን ሰሚው ያገኘው ወርቅ ለዘፋኙ ዕዳ ሆኖበት ያውቃል። እኔም ደብተሩን ካቃጠልሁ በኋላ ቢዘገይም ነገሩን ለማወቅ ስለ «ከባድ ብረት» ዘፈን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ።

የዚህ ዘፈን ዋና መፍለቂያ ከሚባሉት አንዱ የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ጓድ የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቈርጦበት፣ ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ በመሥራት ጊታሩን እንደ ገና የተማረ ሰው ነው። ያ የሚያጓራ ድምፅ ከእንዲህ ያለ እጅ እንደ ወጣ ሳውቅ፣ ባልወደውም ጥቂት ራራሁለት። በዚያ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ «ኤን አይ ቢ» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን አለ። ሦስቱን ፊደላት ሰሚዎች ተቀብለው «በጽልመት የሆነ ልደት» ለሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕፃረ ቃል አደረጓቸው፤ ብዙ ሰውም ፈራ፤ ብዙ ሰውም ወደደው። የዘፈኑን ቃል የጻፈው ጊዘር በትለር ግን ነገሩን ሲገልጸው፣ የከበሮ መቺው የቢል ዋርድ ጢም እንደ ብዕር ጫፍ ሾጣጣ ስለ ነበረ ጓደኞቹ በእንግሊዝኛ የብዕር ጫፍ፣ «ኒብ» ይሉት ነበር፤ ርእሱም ከዚያ መጣ፤ በፊደላቱ መካከል የገቡት ነጥቦች ነገሩን ምሥጢር አስመሰሉት። እንግዲህ የአንድ ሰው ጢም የዲያብሎስ ልደት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በዘፈኑ ውስጥ ዲያብሎስ አለበት፤ ይህ አይካድም፤ ነገር ግን በፍቅር የወደቀ ዲያብሎስ ነው፤ ከርእሱም ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም።

ከዚህ ከበድ ያለው በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የሆነው ነው። በመስከረም ወር በ19ኛው ቀን የአሜሪካ ሴናት ኮሚቴ ስለ ዘፈን ቃል ምስክር ለመስማት ተቀመጠ። የሴናተር ሚስት የነበሩት ቲፐር ጎር ከሌሎች ወይዛዝርት ጋራ ሆነው ዘፈኖች ልጆችን ያበላሻሉ ብለው ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከተከሰሱት ዘፈኖች አንዱ የትዊስትድ ሲስተር ጓድ ዘፈን ሲሆን፣ ስለ ስለት፣ ስለ መታሰርና ስለ ፍርሃት ይናገራል። ወይዘሮዋ ይህን ሰምተው ሰውን በማሠቃየት ስለሚገኝ የሥጋ ደስታ የተዘፈነ ነው ብለው ተረጐሙት። ጠጕሩን እንደ ባሕታዊ ያስረዘመው ዘፋኝ ዲ ስናይደር ከሸንጎው ቀርቦ የሰጠው ምስክርነት፣ የጓዱ ጊታር መቺ ጕሮሮውን ለመታከም ኦፕራሲዮን ሊደረግ ሲል ያደረበትን ፍርሃት ለመናገር የተጻፈ ዘፈን ነው የሚል ነው። ስለቱ የሐኪም ስለት፣ ማሰሪያውም የሕክምና አልጋው ማሰሪያ ሆኖ ተገኘ። ዘፋኙ በዚሁ ሳያበቃ፣ ሌላው ትርጓሜ ያለው በተርጓሚዋ ልብ ውስጥ ብቻ ነው ሲል ጨመረበት። አነጋገሩ ለሴት ወይዘሮ የሚገባ አልነበረም፤ ነገሩ ግን መሪጌታው «ታሪኩን ጠይቅ» ያሉት ነው።

ታሪኩ ካልታወቀ የማይፈታ ሌላም አለ። ሜታሊካ የተባለው ጓድ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሸክላ ላይ «ዋን»፣ ማለትም «አንድ» የሚባል ዘፈን አለ። ለማያውቀው ሰው የሞት ናፍቆት ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን ዶልተን ትራምቦ በ1939 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ የመነጨ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እጁን፣ እግሩን፣ ዐይኑን፣ ጆሮውንና አንደበቱን አጥቶ በሕይወት ስለ ቀረ ወታደር ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የጦርነትን ክፋት ይሰማበታል፤ ያላነበበ ሰው ልጁን ለማዳን ደብተር ያቃጥላል።

ሦስተኛውን ነገር ስነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የሰው ነፍስ አለበትና። በኔቫዳ ክፍለ ግዛት ሁለት ወጣቶች በ1985 እ.ኤ.አ. በልደት ዋዜማ ሰሞን በራሳቸው ላይ እጃቸውን አነሡ፤ አንደኛው ያን ጊዜውኑ፣ ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ። ቤተ ሰቦቻቸው ጁዳስ ፕሪስት የተባለውን የእንግሊዝ ጓድ ከሰሱ። ክሱ በግልጽ ስለሚሰማው ቃል አልነበረም፤ በዘፈኑ ውስጥ ጆሮ ሳያውቀው ልብ የሚሰማው «አድርገው» የሚል ትእዛዝ ተሰውሯል የሚል ነው። ነገሩ በ1990 እ.ኤ.አ. በሬኖ ከተማ ተሰማ። ዘፋኙ ሮብ ሃልፎርድ ከችሎት ቀርቦ ዘፈኑን ወደ ኋላ አጫውቶ፣ ሰው ሊሰማ ከፈለገ ፈጽሞ ያልተባለ የሚያስቅ ቃል ሁሉ ሊሰማበት እንደሚችል አሳየ። ዳኛው በነሐሴ ወር ፍርድ ሲሰጡ «አድርገው» የተባለው ድምፅ የጊታሩና የዘፋኙ ትንፋሽ በአጋጣሚ ተገናኝተው የፈጠሩት እንጂ ታስቦ የተደረገ አይደለም ብለው ጓዱን በነጻ አሰናበቱ። የወጣቶቹ ኑሮ ግን አስቀድሞ በብዙ መከራ የተመላ እንደ ነበረ በችሎቱ ተሰምቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በዘፋኞቹ መፈታት አልተደሰትሁም። እነዚያ ልጆች በሕይወት ሳሉ ምን እንደሚሰሙ፣ ስለ ምንም እንደሚሰሙት ማን ጠየቃቸው እያልሁ አደርሁ።

ይህ ሁሉ የባዕድ ሀገር ወሬ ነው እንዳትሉኝ። በእኛም ሀገር ዘፈንን እየተረጐሙ ሰውን መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን ከዘዋሪ አዝማሪዎች ጋራ እያሳደዱ እንዲገድሏቸው ማዘዙ በራሱ ቴሌግራም የተመዘገበ ነው። አንድ መሰንቆ የያዘ ሰው መትረየስ ለያዘ ሠራዊት ምን ያስፈራዋል? የሚያስፈራው መሰንቆው አይደለም፤ ሠራዊቱ የማይሰማውን ሕዝቡ መስማቱ ነው። በደርግም ዘመን የዘፈን ግጥም በሸክላም ሆነ በካሴት ከመቀዳቱ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። የሳንሱሩ ሠራተኛ እንደ እናንተና እንደ እኔ ደመወዝተኛ ነበረ። ጠረጴዛው ላይ «አንቺ ልጅ ለምን ከዳሽኝ» የሚል ዐይነት የፍቅር ግጥም ሲቀመጥለት፣ «አንቺ» የተባለችው ኮረዳ ናት ወይስ ሀገር ብሎ ሲጨነቅ ይውል ነበር። ወርቁን ቢያገኝ ግጥሙን ይሠርዛል፤ ሳያገኝ ቢቀር ገበያተኛው ያገኝለትና ይጠየቅበታል። በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰም የሚባል ነገር እንዳለ ይረሳል፤ ሁሉ ነገር ወርቅ ይሆንበታል። እኔም በዚያ ቅዳሜ ከቤቴ ውስጥ ይህን ወንበር ያለ ሿሚ ተቀመጥሁበት።

አሁን ወደ ልጁ ዘፈን ልመለስ። ዘፈኑን በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከብላክ ሳባዝ ጓድ የተለየው ኦዚ ኦስቦርን ነው። ስለ መጠጥ መሆኑ እርግጥ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለሰካራሙ መፍትሔ መስሎ ይታየዋል፤ የሚያደርገው ግን ቀስ እያለ ራሱን ማጥፋት ነው። ሁለቱም «ሶሉሽን» በአንድ ቃል ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ዘፈን የሰውን ልጅ ለሞት አነሣሥቷል ተብሎ በካሊፎርኒያ ክስ ቀርቦበት፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. ክሱን ውድቅ አድርጎታል። ይልቁንም ያስደነቀኝ ለማን ተባለ የሚለው ነው። ኦዚ በ1980 እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር በመጠጥ ምክንያት ስለ ሞተው ዘፋኝ ስለ ቦን ስኮት ነው ይል ነበር። ቃሉን የጻፈው ቦብ ዴይስሊ ግን ስለ ራሱ ስለ ኦዚ ነው የጻፍሁት ይላል፤ አብሮት ሲሠራ አጠጣጡን አይቶ ማለት ነው። እንግዲህ ዘፋኙ ስለ ሌላ ሰው የሚዘፍን እየመሰለው ስለ ራሱ ሲዘፍን ኖሯል። ሰሙን ዘፋኙ ያዘ፤ ወርቁ ከጸሓፊው ዘንድ ቀረ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው እኅቴን የጠየቅኋት። የልጁ አባት በምን ሞተ ቢባል ቤተ ሰባችን ሁሉ «በጉበት» ይላል። በልቅሶው ጊዜም ያልነው፣ ለዕድሩም የነገርነው፣ ለልጁም የነገርነው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ሐኪሙም ያለው ይህን ነው። ጉበቱን ምን እንዳሳመመው ግን አንድም ቀን በቤታችን አልተነገረም። ማታ ማታ ከአረቄ ቤት ደግፈን ስናመጣው ልጁ በመስኮት ያየን እንደ ነበር እኅቴ የነገረችኝ ገና አሁን ነው። አራት ዓመት ሙሉ እኛ ሰም ስንነግረው ልጁ ወርቁን ብቻውን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ በመጨረሻም ወርቁን በግልጽ የሚናገርለት ሰው ያገኘው ከበርሚንግሃም ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ደግሞ ሌላ ሥጋት አልለቀቀኝም። ምናልባት በዘፈኑ ላይ ተሳስቼ በልጁ ላይ አልተሳሳትሁ ይሆናልና። መሪጌታውም ይህን አልዘነጉትም፤ «ዘፈኑን ፈትተህ ስትጨርስ ልጁንም ጠይቀው፤ ሰው ቅኔ አይደለም፤ ሲጠይቁት ይመልሳል» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ማታ ከክፍሉ ገብቼ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥሁና ያለ ሰምና ያለ ኅብር፣ «መሞት ፈልገህ ታውቃለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ። እርሱ ግን እንደ ፈራሁት አልደነገጠም። «አባቴ በሞተ ሰሞን ነበረ፤ አሁን አይደለም፤ ሲመጣብኝ ይህን እሰማለሁ፤ የጮኸልኝ ይመስለኛል» አለኝ። ተመልሶ ቢመጣበት በማንኛውም ሰዓት እንዲቀሰቅሰኝ ቃል አስገባሁት፤ እኅቴም አወቀች፤ ከሐኪምም ዘንድ ቀርቦ ተነጋግሯል። ጠበሉንም ከእናቴ ጋራ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ ተጠምቋል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ደብተር ገዛሁለት። ልባሱ ጠንካራ፣ ገጹ ብዙ የሆነውን መርጬ ነው የገዛሁት። አንዳንድ ምሽት አብረን እንቀመጣለን፤ እርሱ ዘፈኑን ያሰማኛል፤ እኔ መዝገበ ቃላቱን እገልጣለሁ። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ በኩል የላዩን፣ በቀኝ በኩል የውስጡን ይጽፋል፤ ስለ አንዳንዱ ቃል እንከራከራለን፤ አንዳንዴም ሳንስማማ እንተኛለን። ጩኸቱን አሁንም አልወደድሁትም። ያን ዘፈን ግን እስከ ዛሬ አልነካነውም። በአዲሱ ደብተር ላይ ርእሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሁለት ገጽ ባዶውን ትቶለታል።

ባለፈው ሳምንት ጨክኜ ጠየቅሁት። በተቃጠለው ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር በእርሳስ የጻፍኸው አማርኛ ምን ነበረ አልሁት።

«ረሳሁት» አለኝ።

ቃሉን አልተረጐምሁትም።